ሲረሱትም የሚሸከም አምላክ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

የንባብ ክፍል፦ ኢሳይያስ 46፥1-4፤ 2ኛ ሳሙኤል 19፥31-39

ይህችን ጽሑፍ ከሥራ መልስ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ የምታነቡ፣ ሌሊት በአባታችሁ አልጋ አጠገብ ተቀምጣችሁ የምታነቡ፣ በስደት አገር ሆናችሁ የምታነቡ፣ ጌታ በያላችሁበት ይጎብኛችሁ።

ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር በመድረካችን ላይ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ስለ ካንሰር የጸሎት ርእስ እንቀበላለን። ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ኩላሊት እንጸልያለን። ነገር ግን በጉባኤ መካከል ተነሥቶ «እናቴ ማን እንደ ሆንኩ ጠፍቷታል፤ ጸልዩልኝ» የሚል ሰው ስንት ነው? ጥቂት ነው። ምክንያቱም እናፍራለን። ጎረቤት «ጃጀች» ይላል፣ ዘመድ «አእምሮዋን ሳተች» ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ «ቤቱ ውስጥ ምን ገብቶ ይሆን?» ብሎ ያንሾካሹካል። ስለዚህ በሩን ዘግተን ለብቻችን እናለቅሳለን።

እስቲ ዛሬ በሩን እንክፈተው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ሐኪሞች ዲሜንሺያ ይሉታል፤ እኛ የመርሳት በሽታ እንለዋለን። ሰው ሲያረጅ የመነጽሩን ማስቀመጫ ቢረሳ፣ ስም ቢጠፋውና ቆይቶ ቢመጣለት ይህ የዕድሜ ነገር ነው። የመርሳት በሽታ ግን ሌላ ነው። ዐርባ ዓመት ወጥ የሠራች እናት ሽንኩርቱ ከቀላ በኋላ ቀጥሎ ምን እንደሚገባ ይጠፋታል። ዕድሜ ልኩን የሄደበት መንገድ ላይ አባት ቆሞ ይቀራል። አንዱን ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሃያ ጊዜ ይጠይቃል፤ መልሱንም ሃያ ጊዜ ይረሳል። በራስዋ ቤት ተቀምጣ «ቤቴ ውሰዱኝ» ትላለች። መቀነቷ ውስጥ ያሰረችውን ገንዘብ ፍራሽ ሥር ትደብቅና «ሰረቃችሁኝ» ትላለች።

ከእነዚህ በሽታዎች ዋነኛው አልዛይመር ይባላል። ስሙ የመጣው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። ይህ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1906 የአንዲት ሴትን ጉዳይ ለሐኪሞች ጉባኤ አቀረበ። ሴትዮዋ ሕመሙ ሲጀምራት ገና አሮጊት አልነበረችም፤ በ50 ዓመት አካባቢ ነበረች። ከሞተች በኋላ አንጎሏን ሲመረምር በዓይን የሚታይ ጉዳት አገኘ። ዛሬ የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከመርሳት በሽታ ጋር ይኖራሉ፤ ከእነርሱም የሚበዙት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ናቸው። ከመቶው ከ60 እስከ 70 ያህሉ ሕመማቸው አልዛይመር ሊሆን ይችላል። ለሌሎች ደግሞ ምክንያቱ የአንጎል ደም ሥር ጉዳት ነው፤ ለዚህም ያልታከመ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ዋና መንገድ ይከፍታሉ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለምንድን ነው? እናታችሁ ሆን ብላ እንዳልሆነ እንድታውቁ ነው። እልከኛ ሆና አይደለም፣ ሰነፍም ሆና አይደለም። እግሩ የተሰበረን ሰው «ለምን አትሮጥም?» ብለን አንቆጣም አይደል? እንግዲህ የታመመው አንጎል ነው።

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። በእኛ መካከል ይህን በሽታ ሁሉ የክፉ መንፈስ ሥራ ነው ብለው የሚደመድሙ አሉ። ክፉ መንፈስ መኖሩን እናምናለን፤ ጌታ ኢየሱስ ሥልጣን እንዳለውም እናምናለን። ነገር ግን ወንጌሉ ራሱ ይለያል። ማቴዎስ 4፥24ን ክፈቱ፤ ወደ ጌታ ካመጧቸው ሰዎች መካከል ሕመምተኞችን ለብቻ፣ አጋንንት ያደረባቸውን ለብቻ ይቆጥራል። ሁሉን ባንድ ስም አልጠራም። ታዲያ እኛ ለምን ባንድ ስም እንጠራለን? የ78 ዓመት እናት መካከል ላይ አቁመን፣ ዙሪያዋን ከብበን ብንጮኽባት፣ ጭንቅላቷን ይዘን ብንወዘውዛት፣ እርስዋ የምታየው ጸሎት አይደለም። የምታየው የማታውቃቸው ሰዎች ሲጮኹባት ነው። ትደነግጣለች፣ ሌሊቱንም እንቅልፍ አይወስዳትም።

እንጸልይ፤ እንዴታ! በፈውስ እናምናለን። ግን በለሆሳስ እንጸልይ። እጇን ይዘን፣ በምታውቀው ድምፅ፣ በአጭሩ እንጸልይ። ደግሞም ወደ ሐኪም እንውሰዳት። ሕዝቅያስ ሲታመም እግዚአብሔር እፈውስሃለሁ ብሎት ሳለ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ፤ 2ኛ ነገሥት 20፥7 ላይ ታገኙታላችሁ። ከጳውሎስ ጋር ይጓዝ የነበረው ሉቃስም ሐኪም ነበር። ሕክምና የእምነት ጠላት አይደለም።

ሕክምናው በእርግጥ ይጠቅማል ወይ የምትሉ አላችሁ። አልዛይመርን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። ነገር ግን መርሳት ሁሉ አልዛይመር አይደለም። የእንቅርት ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከባድ ድብርት፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶች መጋጨት፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ እነዚህ ሁሉ አረጋዊን ሊያደናግሩና ሊያስረሱ ይችላሉ፤ ብዙዎቹም ይታከማሉ። በተለይ እናታችሁ ከሁለት ሦስት ቀን ወዲህ ድንገት ከተለወጠች «እርጅና ነው» ብላችሁ አትቀመጡ፤ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዷት። «ተፈውሳለች» ተብሎም የግፊት መድኃኒቷ አይቋረጥ። የሚቋረጥም ከሆነ ሐኪሟ ይቋረጥ ሲል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ብዙ ልጆች በልባቸው ይዘውት የሚዞሩ፣ ለመጋቢያቸው እንኳ ለመናገር የሚፈሩት ጥያቄ አለ። እናቴ ስሜን ረሳች፤ እሺ፣ ይህን በእንባ እችለዋለሁ። ነገር ግን ጌታንም ረሳች። ጸልዪ ስላት «ማንን?» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት በጸሎት ኅብረት ያገለገለች ሴት፣ የኢየሱስን ስም ስጠራላት ዝም ብላ አየችኝ። አንዳንዴማ ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ስድብ ትሳደባለች። እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ብትሞት ምን ትሆናለች? ድነቷስ?

ይህ ጥያቄ ከባድ ነው፤ ያላሳለፈበት ሰው አያውቀውም። መልሱን ግን ቃሉ ይሰጠናል። ኢሳይያስ 46ን እንይ።

ምዕራፉ የሚጀምረው በሁለት የባቢሎን አማልክት ነው፤ ቤልና ናባው ይባላሉ። ምን ሆነዋል? በእንስሳ ጀርባ ላይ ተጭነዋል። አማልክት ናቸው ተብለው ሳለ መራመድ አይችሉም፤ የደከመ እንስሳ ይሸከማቸዋል። እንስሳው ሲወድቅ እነርሱም አብረው ይወድቃሉ። ሰው የሚሸከመው አምላክ እንዲህ ነው፤ ተሸካሚው ሲደክም አምላኩም ይወድቃል።

ከዚያ እግዚአብሔር ወደ ሕዝቡ ዞር ይልና ስለ ራሱ የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። ከማኅፀን ጀምሮ የተሸከማቸው እርሱ እንደ ሆነ ይነግራቸዋል። እስኪሸመግሉ፣ ጠጉራቸው እስኪነጣም ድረስ እርሱ ያው እንደ ሆነ፣ እንደሚሸከምና እንደሚያድን ቃል ይገባል። ልብ በሉ! ሽምግልናን በስሙ ጠርቶ ነው የተናገረው። ጉልበት ያለንን ዘመን ብቻ አላለም።

የእናትህ እምነት በእናትህ ማስታወስ ላይ የተጫነ ዕቃ ቢሆን ኖሮ፣ አዎ፣ ማስታወሷ ሲወድቅ እምነቷም አብሮ ይወድቅ ነበር። ያን ጊዜ የእኛ ጌታ ከቤልና ከናባው በምን ይሻል ነበር? ነገር ግን ጌታን የተሸከመችው እርስዋ አልነበረችም፤ በዚያ ሁሉ ዓመት እርሱ ነበር የተሸከማት። ድሮ በጉልበቷ ሳለች፣ ቆማ ስትዘምርም የተሸከማት እርሱ ነው፤ ያን ጊዜ ስላልታየን ነው። ዛሬ እርስዋ ስትደክም ታየን።

ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ እግዚአብሔርን እንዳወቁ ይናገርና ወዲያው ራሱን ያርማል፤ የሚበልጠው እግዚአብሔር እነርሱን ማወቁ ነው ይላል (ገላትያ 4፥9)። ጌታ ኢየሱስም ስለ በጎቹ ሲናገር፣ ከእጁ የሚነጥቃቸው እንደሌለ ሲያረጋግጥ (ዮሐንስ 10፥28-29) የተማመነው በራሱ እጅ ጥንካሬ ነው። በጉ ምን ያህል ጠበቅ አድርጎ ይይዛል የሚል ነገር እዚያ የለም። በሽታ ሌባ ነው፤ ብዙ ሰርቋል። ከዚያ እጅ ግን መስረቅ አይችልም።

የምትሳደበውስ? ያ የበሽታው ድምፅ ነው። አንጎል ሲጎዳ ክፉን ከደጉ የሚለየው፣ አፍን የሚገታው ልጓም ይላላል። ጌታ ያወቃትን እናትህን በመጨረሻው ዓመት ሕመሟ አይመዝናትም። ልመናዋን በቃል መግለጥ ለማትችል ነፍስም መንፈስ ቅዱስ ራሱ በመቃተት እንደሚማልድ ሮሜ 8፥26 ይነግረናል። እርስዋ «ማንን?» ስትል፣ እርሱ ግን ማን እንደ ሆነች ያውቃል።

አሁን ደግሞ የአንድ ሽማግሌ ታሪክ እንይ፤ 2ኛ ሳሙኤል 19። ገለዓዳዊው ቤርዜሊ የ80 ዓመት ሰው ነው። ንጉሥ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሸሽቶ ምድረ በዳ ሲወርድ መኝታና ስንዴ፣ ባቄላና ምስር፣ ማርና ቅቤ ይዘው ከመጡት ሰዎች አንዱ ነበረ። ዳዊት ድል አድርጎ ሲመለስ «ና፣ ኢየሩሳሌም ከእኔ ጋር ኑር፤ እኔ እጦርሃለሁ» የሚል ግብዣ አቀረበለት። ቤርዜሊ ምን አለ? ደጉንና ክፉውን መለየት እንደማይችል፣ የሚበላውና የሚጠጣው እንደማይጣፍጠው፣ የዘፋኞችን ድምፅ እንደማይሰማ ነገረው። ከዚያም ለንጉሡ ሸክም መሆን እንደማይፈልግ ተናገረ።

ስንት አባቶቻችን ይህን ይላሉ! «እኔ ሸክም ሆንኩባችሁ።» ዳዊት ግን «እውነትህን ነው፣ ሸክም ነህ» አላለውም። ሳመው፣ ባረከው። ነገሩ በዚህም አላበቃም። ዓመታት አልፈው ዳዊት ራሱ በሞት አልጋ ላይ ሳለ፣ ለሰሎሞን የመጨረሻ ኑዛዜውን ሲናገር የቤርዜሊን ልጆች አነሣ፤ ከማዕዱ እንዲበሉ አደራ አለ (1ኛ ነገሥት 2፥7)። ቤርዜሊ የንጉሡን እንጀራ ጣዕም መለየት አልቻለም፤ ንጉሡ ግን የቤርዜሊን ውለታ አልረሳም። አንድ ምድራዊ ንጉሥ ይህን ያህል ካልረሳ፣ የነገሥታት ንጉሥ ይረሳል?

እነዚህ እናቶችና አባቶች እኮ ባለ ውለታዎች ናቸው። ዛሬ 70ና 80 ዓመት የሞላቸው ብዙ አማኞች በደርግ ዘመን ያለፉ ናቸው። ጸሎት ቤቶች ሲታሸጉ በየቤቱ መጋረጃ ጋርደው ድምፅ ቀንሰው የዘመሩ፣ የታሰሩ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳን የመሰሉ መሪዎች በ1971 ዓ.ም. ሲገደሉባቸው በዚያች ቤተ ክርስቲያን የጸኑ ናቸው። የመርሳት በሽታ የቅርቡን አስቀድሞ ይወስዳል፤ የሩቁ ይቆያል። ስለዚህ እናትህ በር ሲንኳኳ ደንግጣ መጽሐፍ ቅዱሷን ትራስ ሥር ብትደብቅ አትሳቅባት። ለእርስዋ ዘመኑ ያ ዘመን ሊሆን ይችላል። «እማዬ፣ አይዞሽ፤ የመጡት ወንድሞች ናቸው» በላት።

ታዲያ እኛ ልጆች ምን እናድርግ? አባትና እናትህን አክብር የሚለው ትእዛዝ ለሕፃናት ብቻ የተሰጠ ይመስለናል። ነገር ግን ያን ጊዜ በሲና ሥር የቆሙት ጎልማሶች ናቸው፤ ሽማግሌ አባትና እናት ያላቸው ናቸው። ማክበር በዚህ በሽታ ምን ይመስላል? ከቃሉ ሦስት ነገር ልጠቁም።

አንደኛ፣ ባትሰማም አክብራት። ዘሌዋውያን 19፥14 ደንቆሮውን መስደብን፣ በዕውርም ፊት ዕንቅፋት ማኖርን ይከለክላል። ደንቆሮ የተሰደበውን አይሰማም፤ ታዲያ ምን ይጎዳዋል? እግዚአብሔር ግን ይሰማል፤ ስለዚህ ነው ጥቅሱ እግዚአብሔርን በመፍራት የሚያልቀው። «አሁን ትረሳዋለች» ብለን የምንጮኽባት ጩኸት፣ «አትሰማም» ብለን ፊቷ ላይ የምንናገረው ነገር እዚህ ይገባል። ደግሞም ነገሩን ብትረሳ እንኳ ስሜቱ ይቀራል፤ ለምን እንዳዘነች ሳታውቅ አዝና ትውላለች። ዕንቅፋቱስ? የምትፈርመውን ሳታውቅ ጣቷን ይዞ በውክልና ላይ ማስፈረም፣ የቤት ካርታዋን በስም ማዛወር በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖር ነው። በመዝሙር ቡድን ብታገለግልም፣ ዐሥራት ብታወጣም፣ ያው ዕንቅፋት ነው። የቤትና የንብረት ነገር ካለ ገና በጊዜ፣ አእምሮዋ ሳለ፣ ልጆች ሁሉ ባሉበት ይነጋገሩ።

ሁለተኛ፣ ኀፍረቷን ሸፍን። ኖኅ በድንኳኑ ውስጥ ራቁቱን በወደቀ ጊዜ አንዱ ልጅ አይቶ ለውጭ አወራ፤ ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው አድርገው የኋሊት ሄደው አባታቸውን ሸፈኑ (ዘፍጥረት 9፥20-23)። ዛሬ የኋሊት መሄድ ምንድን ነው? ስልክን ወደ ኪስ መክተት ነው። እናት ስትቀባጥር፣ አባት ልብሱን ገልብጦ ሲለብስ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ከድንኳኑ ወጥቶ ማውራት ነው። ስታጥቧትም በሩ ይዘጋ፤ ነጠላ ጣል ይደረግባት፤ ሊነካት ያለው ሰው «አሁን እግርሽን ላጥብ ነው» ብሎ ይንገራት።

ሦስተኛ፣ አገልግሎት ምክንያት አይሁን። ማርቆስ 7፥9-13 ላይ ጌታ የገሠጻቸው ሰዎች ለወላጆቻቸው ሊሰጡ የሚገባውን «ቁርባን ነው» ይሉ ነበር። የሃይማኖት ቃል ተጠቅመው ትእዛዙን አመለጡ። እናቱን ለአንዲት እህቱ ጥሎ ከጉባኤ ጉባኤ የሚዞር ሰው ይህን ክፍል ደግሞ ያንብብ። ጌታችን ግን በመስቀል ላይ ሆኖ፣ የዓለምን ኃጢአት ተሸክሞ ሳለ እናቱን ለዮሐንስ አደራ ሰጠ። ከዚያ የሚበልጥ አገልግሎት ማን ነበረው?

እንግዲህ ለዕለት ኑሮ የሚረዱ ጥቂት ነገሮችን ልጨምር።

«አወቅሽኝ?» እያላችሁ አትፈትኗት። ጠያቂ ሁሉ ሲመጣ ይህን ይጠይቃል፤ ለእርስዋ ግን በየቀኑ የምትወድቀው ፈተና ነው። ይልቅስ «እማዬ፣ እኔ ልጅሽ ነኝ» ብላችሁ ስማችሁን ነግራችሁ ግቡ።

አትከራከሯት። የዛሬ ሃያ ዓመት ያረፈች እናቷን ብትጠይቅ «ሞታለች እኮ!» ብትሏት ዛሬ እንደ አዲስ መርዶ ትሰማለች፤ ነገም እንደ ገና። ታዲያ እንዋሽ? አይደለም። ናፍቆቷን መልሱላት፤ «እናትሽ ናፈቀችሽ? እስቲ ስለ እርስዋ ንገሪኝ» በሏት። ሲመሽ «ቤቴ ውሰዱኝ» ስትልም የምትፈልገው ሰላም ነው። እጇን ይዛችሁ ግቢውን ዙሩ፣ ሻይ ስጧት፣ መብራቱን አብሩላት።

ዘምሩላት። ስም የጠፋባቸው ብዙ አረጋውያን በወጣትነታቸው የዘመሩትን መዝሙር እስከ መጨረሻ ያወጡታል። የተስፋዬ ጋቢሶን የቀድሞ መዝሙሮች፣ የድሮ መዘምራንን ካሴት ፈልጋችሁ አሰሟት። ከልጅነቷ ጀምሮ አፏን የፈታችበት ቋንቋ ወላይትኛ ወይም ኦሮምኛ ወይም ሀድይኛ ከሆነ ወደዚያ ልትመለስ ትችላለች፤ በዚያ ቋንቋ ቃሉን የሚያነብላት ሰው ፈልጉ።

ጠብቋት። ቡታጋዝና ከሰል ብቻዋን አትተዉባት። መድኃኒቷን ሌላ ሰው ይቁጠር። ብቻዋን ወጥታ ልትጠፋ ስለምትችል ስምና ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ነገር በአንገቷ ወይም በልብሷ ላይ ይኑር። ለጎረቤትና ለሰፈሩ ባለ ሱቅም ንገሩ፤ የደበቃችሁት በሽታ በጠፋች ቀን አይረዳችሁም። «ሰረቁኝ» ስትል ደግሞ አስቀድማችሁ ፍራሽ ሥር እዩ። በዚህ ምክንያት ያለ ጥፋቷ የተባረረች የቤት ሠራተኛ እንባዋ ወደ ጌታ ይወጣል።

አንቺ ደግሞ፣ የምትጦሪው እህቴ! አብዛኛውን ጊዜ ሸክሙ የሚወድቀው በአንዲት ሴት ልጅ ወይም በምራት ላይ ነው። ሌሊት ሦስት ጊዜ ትነሺያለሽ። ትዝያለሽ፤ ትቆጪያለሽ፤ ከዚያ ታለቅሻለሽ። «ጌታ ሆይ፣ በቃ ውሰዳት» ያልሽበት ሌሊት አለ፣ ጠዋት ደግሞ በዚያ ጸሎት አፍረሻል። ኤልያስም ከክትክታው ዛፍ ሥር ስለ ራሱ እንዲህ ጸልዮ ነበር። እግዚአብሔር አልገሠጸውም፤ አስተኛው፣ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ደግሞ አስተኛው (1ኛ ነገሥት 19፥4-8)። ጌታ ድካምሽን ያውቃል። እንቅልፍ ኃጢአት አይደለም። «አግዙኝ» ማለትም እምነት ማጣት አይደለም። እናትሽ በሕይወት ሳለች እያዘንሽ መሆኑንም እወቂ፤ የምታውቂያትን እናት በየቀኑ በጥቂቱ እየሸኘሽ ነው፤ ይህ ለቅሶ ድንኳን አይተከልለትም፣ ለቀስተኛም አይመጣለትም።

ለዚህ ነው ቤተ ክርስቲያን የምታስፈልገው። የሙሴ እጅ ሲዝል አሮንና ሆር በግራና በቀኝ ሆነው ደገፉት። የቤት ለቤት ኅብረታችን ይህን ማድረግ አያቅተውም። በሳምንት አንድ ቀን ሁለት እህቶች መጥተው ሦስት ሰዓት ቢቀመጡላት፣ ጧሪዋ እሑድ ጉባኤ ትገባለች፣ ፀጉሯን ትሠራለች፣ ትተኛለች። ሽማግሌዎች የጌታን እራት ይዘው ቤት ድረስ ይሂዱ። «ምን እንደ ሆነ አታውቀውም» አይባል፤ ማዕዱ የባለቤቱ ነው፤ እርሱ ያውቃታል።

በውጭ አገር ያላችሁ ልጆች፣ በአሜሪካም በአውሮፓም በዐረብ አገርም ያላችሁ፣ የምትልኩት ገንዘብ ይጠቅማል፤ ጌታ ይባርካችሁ። ነገር ግን ለጧሪዋ እህታችሁም ደውሉ፤ «እናቴ እንዴት ናት?» ብቻ ሳይሆን «አንቺስ?» በሉ። በኢሞ ስትደውሉ እናታችሁ «ይህ ማን ነው?» ብላ ፊቷን ብታዞር ስልኩን ዘግታችሁ ለወራት አትጥፉ። ባታውቃችሁም ድምፃችሁ ሊያረጋጋት ይችላል። ጥቂት ዘምሩላት፣ ጸልዩላትና ተሰናበቱ።

ውድ አንባቢ፣ እስከ ዛሬ ጌታን ሳትቀበል ይህን ያነበብህ ከሆነ፣ አንድ ጥያቄ ልተውልህ። ማስታወስህ፣ ጉልበትህ፣ ስምህ ሁሉ አንድ ቀን ከእጅህ ሊወጣ ይችላል። ያን ቀን ማን ይሸከምሃል? ኢየሱስ ክርስቶስ ስለ አንተ ሞቶ የተነሣው ሊሸከምህ ነው። ዛሬ ልብህ ሳለ፣ ስሙንም መጥራት ስትችል ጥራው።

እናንተም በወላጃችሁ አልጋ አጠገብ ያላችሁ፣ ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 13፥12 የሚናገረውን ቀን ጠብቁ። ዛሬ ሁላችንም በከፊል ነው የምናውቀው፤ እናንተም፣ እኔም፣ እናታችሁም። ያን ቀን ግን እርሱ ባወቀን መጠን እናውቃለን። እናትህ ያን ቀን ስምህን አትረሳም።

እንጸልይ።

አባት ሆይ፣ ከማኅፀን ጀምረህ የተሸከምኸን አምላክ፣ ስማችንን ስለ ረሱት እናቶቻችንና አባቶቻችን እንለምንሃለን። ልትፈውስ ትችላለህና ፈውሳቸው። ፈውሱ ቢዘገይ ሰላምህ በአልጋቸው ዙሪያ ይሁን። ሌሊት ሲደነግጡ አንተ ቅረባቸው። ለሚጦሩት ልጆች እንቅልፍና ትዕግሥት ስጥ፤ በድካም የተናገሩትን ይቅር በል። ወንድማማቾችን አስታርቅ። ቤተ ክርስቲያንህን ወደ ተዘጉት በሮች ላካት። እኛም የምንረሳበት ቀን ሲመጣ አንተ አትረሳንም፤ በዚህ እናርፋለን። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።